ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያና የአቴና ትምህርት

ቅዱስ ባስልዮስ በ330 ዓመተ ምሕረት ገደማ በቀጰዶቅያ አገር ከከበሩ ክርስቲያኖች ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ቀጰዶቅያ ዛሬ የቱርክ መንግሥት በያዘው ምድር መካከል ያለ ደጋ አገር ነው፤ ዋና ከተማው የነበረችው ቂሳርያም ዛሬ ካይሴሪ ትባላለች። በኢትዮጵያ ካህናት ዘንድ የባስልዮስ ስም የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው ቅዳሴና ጥር 6 ቀን በሚታሰበው በዓሉ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ከክህነቱ አስቀድሞ ብዙ ዘመን የጽርእ ትምህርት ተማሪ እንደ ነበረ፥ ያም ትምህርት ለክርስቲያን ልጅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጭንቅ ነገር በራሱ ሕይወት የመዘነ እርሱ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዛሬ በዓለም የተዘረጋው የትምህርት ቤት ሥርዓት አብዛኛው ከጽርእና ከሮም የወረደ ነው፤ ሲወርድም ካለፈባቸው በሮች አንዱ ይህ ቅዱስ ነው።

የትምህርቱ ሐረግ ከአያቱ ይጀምራል። አያቱ ማክሪና በስደት ዘመን ከባሏ ጋራ ሸሽታ በጳንጦስ ዱር ሰባት ዓመት ያህል የተንከራተተች ሴት ናት። እርሷም የቅዱስ ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ቃል በልቧ ይዛ ለልጅ ልጆቿ ታስተምር ነበረ፤ ጎርጎርዮስ ደግሞ በፍልስጥኤም ቂሳርያ ከኦሪጌንስ የተማረ ነው። ኦሪጌንስም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ከማግባቱ በፊት የክርክርን ሥርዓት፥ የምድርን ልክ፥ የከዋክብትን አካሄድ፥ የፈላስፎችንም ነገር ያስጠናቸው ነበረ። መምህርን በመምህሩ መቍጠር የለመደ የጉባኤ ቤት ሰው ይህን ሐረግ ሲያይ፥ ሃይማኖትና የጽርእ ትምህርት በዚያ ቤት አስቀድመው ተዋውቀው እንደ ነበረ ያስተውላል። አባቱ፥ እርሱም ባስልዮስ የሚባለው፥ በጳንጦስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ፤ እናቱም ኤሚልያ ትባላለች። ከልጆቻቸው ታላቂቱ ማክሪና፥ ባስልዮስ ራሱ፥ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የሰባስጥያው ጴጥሮስ ከቅዱሳን ጋራ ተቈጥረዋል። ልጁ የመጀመሪያውን ትምህርት የተማረው ከአባቱ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ትምህርት ቤት እንዲህ ነበረ። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ፊደል አስተማሪ ይሄዳል፤ ዕቃውን የሚይዝለትና ጠባዩን የሚጠብቅለት አንድ ባሪያ ይከተለዋል። ይህ ባሪያ በጽርእ ፔዳጎጎስ ይባላል፤ አውሮፓውያን ዛሬ የማስተማርን ጥበብ ፔዳጎጂ ብለው የሚጠሩት ከዚህ ስም አውጥተው ነው። ሕፃኑ ሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ በሹል ብዕር እየጻፈ፥ አስቀድሞ ፊደሉን፥ ቀጥሎ የፊደላቱን መጋጠም፥ ከዚያም ስሞችን፥ በኋላም ሙሉ ንባብን ያጠናል። ሁለተኛው መምህር የሰዋስው መምህር ነው፤ ሆሜሮስንና ሌሎችን ባለቅኔዎች እያስነበበ ቃሉን ይፈታል፥ ታሪኩን ይተርካል፥ ምሥጢሩን ያስረዳል። ሦስተኛው የንግግር ጥበብ መምህር ነው። በእርሱ ዘንድ ተማሪው ከአጭር ተረት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ታሪክ መተረክን፥ የጠቢባንን ነገር ማስፋትን፥ ማመስገንንና መንቀፍን፥ ማነጻጸርንም ይለማመዳል፤ በመጨረሻም ስለ ሕግ ለመሟገት ይበቃል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ መወድስ የሚወጣ የቅኔ ተማሪ ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የዚያኛው ድካም ወደ ሸንጎና ወደ ሹመት፥ የዚህኛው ግን ወደ ማኅሌት ማድረሱ ነው።

ሮማውያን ይህን ሁሉ ከጽርዓውያን ተቀብለው በሮማይስጥ አደረጉት። ከእነርሱም መምህራን ንጉሡ ዌስፓስያኖስ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የቈረጠለት ኵዊንቲልያኖስ፥ በ95 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፥ ሕፃናትን መግረፍ እንደማይገባ፥ ትምህርቱም በየአቅማቸው ተመጥኖ ከጨዋታና ከውድድር ጋራ እንዲሰጥ መክሯል። በዛሬ ዘመን ስለ ትምህርት እንደ አዲስ ነገር ከሚነገረው ብዙው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ባስልዮስ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በቂሳርያ፥ ቀጥሎም በቍስጥንጥንያ ተማረ፤ በ350 ገደማ ወደ አቴና ተሻገረ። አቴና የጦር ኃይሏና ሀብቷ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኗት ነበረ፤ የምትከበረው በትምህርቷ ነው። አፍላጦን አካዳሚያ በሚባል ስፍራ፥ አርስጣጣሊስም ሊቅዮን በሚባል ስፍራ ካስተማሩ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሆኖ ነበረ። ተማሪዎቹ በየመምህራቸው ወገን ተከፍለው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ አዲስ ተማሪ በመጣ ጊዜ በወደቡና በመንገዱ አድፍጠው ወደየመምህራቸው ይነጥቁታል፤ ከዚያም በሰልፍ ወደ መታጠቢያ ቤት እየወሰዱ በጩኸትና በፌዝ ያስደነግጡታል። ተማሪ በየአገሩ ያው ተማሪ ነው። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ከባስልዮስ ቀድሞ ወደዚያ መጥቶ ነበርና፥ ጓደኞቹን ለምኖ ወዳጁን ከዚህ ፌዝ አዳነው። ጥቂት ቆይቶም ከአርመን የመጡ ተማሪዎች በክርክር ሊያሳፍሩት በተነሡ ጊዜ፥ ጎርጎርዮስ ነገሩ ቅናት መሆኑን ዐውቆ በባስልዮስ ወገን ቆመ። እስከ ሞት የዘለቀው ወዳጅነታቸው ከዚህ ተነሣ።

መምህራኑ ፕሮኤሬስዮስና ኂሜርዮስ እንደ ነበሩ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ፕሮኤሬስዮስ ከአርመን ወገን የሆነ ክርስቲያን ነው፤ ኂሜርዮስ አረማዊ ነው። ባስልዮስ ሰዋስውን፥ የንግግርን ጥበብ፥ ፍልስፍናን ተማረ፤ ከሒሳብ፥ ከምድር ልክና ከከዋክብት ትምህርትም የሚበቃውን ያህል ወሰደ። ሰውነቱ በሽተኛ ስለ ነበረ የሕክምናንም ትምህርት ተማረ። ሁለቱ ወዳጆች በዚያች ጣዖት በሞላባት ከተማ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበረ፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ አንዱ ወደ መምህራን ቤት የሚወስደው። በ355 ደግሞ የነገሥታት ዘር የሆነ ዮልያኖስ የሚባል ወጣት ለትምህርት ወደ አቴና መጣ። ሦስቱም በአንድ ከተማ አንዱን ሆሜሮስ አነበቡ፤ ከዚያ ንባብ የወጡት ግን በተለያየ በር ነው።

ባስልዮስ በ356 ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጎርጎርዮስ እያለቀሰ ለጥቂት ጊዜ በአቴና ቀረ። ባስልዮስ በቂሳርያ የንግግር ጥበብ ማስተማር ጀመረ፤ ሰውም አደነቀው። እርሱም በአንደበቱ ታበየ፤ የአገሩንም ሹማምንት ይንቅ ጀመረ። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነውና ጠላት ያወራው አይደለም። ባስልዮስን ከዚህ ትዕቢት የመለሰችው እኅቱ ማክሪና ናት። እርሷ አቴናን አላየችም፤ የባለቅኔዎቹንም ተረት እናቷ አላስተማረቻትም፤ የተማረችው ጥበበ ሰሎሞንንና መዝሙረ ዳዊትን ነው። የዚያ ዘመን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለባለጸጎች ወንዶች ልጆች እንጂ ለሴትና ለድኻ የተከፈተ አልነበረም፤ ይህም ከጉድለቱ ዋናው ነው። እንዲህም ሆኖ በአቴና የተማረውን ሰው በአቴና ያልተማረችው አረመችው። በዚያው ዘመን ገደማ ወንድሙ ንቅራጥዮስ፥ በዱር ሆኖ ድኾች ሽማግሌዎችን የሚመግብ ብሩህ ወጣት፥ ለአደን እንደ ወጣ በድንገት ሞተ። ባስልዮስም ማስተማሩን ትቶ ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ የግብጽን፥ የፍልስጥኤምን፥ የሶርያንና የመስጴጦምያን መነኮሳት እየዞረ አየ፤ ያለውንም ለድኾች አካፍሎ በጳንጦስ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በበረሃ ተቀመጠ። በኋላ በጻፈው መልእክት ያንን የወጣትነት ዘመን በከንቱ ድካም እንዳሳለፈው ቈጥሮ ተጸጽቷል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ባስልዮስ የጽርእን ትምህርት ጥሎ የሸሸ ሰው ሆኖ በቀረ ነበረ። ነገር ግን ለመነኮሳት የጻፈውን ሥርዓት ያነበበ ሰው የጣለው መምህር ተመልሶ ሲገባ ያየዋል። በገዳም ስለሚያድጉ ሕፃናት ሲያዝዝ ቤታቸው ከታላላቆቹ የተለየ ይሁን ይላል። በአረማውያን ተረት ፋንታ የመጽሐፍ ቅዱስን ስሞችና ታሪኮች ይማሩ፤ በቃላቸው ለያዙት ሽልማት ይሰጣቸው፥ ትምህርቱን በደስታ እንጂ በኀዘን እንዳይቀበሉት፤ መምህሩም አሳባቸው ወዴት እንደ ሄደ ዘወትር ይጠይቃቸው ብሎ ሥርዓት ሠራ። ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ መድኃኒት እንዲሆን እንጂ በቍጣ እንዳይሆን አዘዘ፤ ለምሳሌ ባልንጀራውን ያስቀየመ እንዲያገለግለውና እንዲክሰው፥ በመብል የሳተ ከመብል እንዲከለከል። የእጅ ሥራ የሚማር ልጅ ቀኑን ከሠራተኛው መምህር ጋራ ይውላል፤ ማታ ወደ ባልንጀሮቹ ይመለሳል። መጽሐፉ ተለውጧል፤ የማስተማሩ ዘዴ ግን ከጽርእ ትምህርት ቤት የመጣ ነው።

ባስልዮስ በጳንጦስ ከተቀመጠ ጥቂት ዓመት አለፈ፤ በ361 ያ የአቴና ተማሪ ዮልያኖስ ነገሠ። የክርስትናን እምነት ክዶ ወደ ጣዖት የተመለሰ መሆኑንም ገለጠ። የኢትዮጵያ ምእመናን ይህን ንጉሥ ኅዳር 25 ቀን በሚነገረው በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ያውቁታል። ዮልያኖስ ብልህ ነበርና ክርስቲያኖችን በሰይፍ ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል ተረዳ። በ362 በሰኔ ወር ስለ መምህራን ሹመት ሕግ አወጣ፤ ቀጥሎም በጻፈው ትእዛዝ፥ በሆሜሮስ አማልክት የማያምን ሰው ሆሜሮስን ማስተማሩ ማታለል ነውና፥ ክርስቲያን መምህራን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው የራሳቸውን ወንጌል ያስተምሩ አለ። የሕጉ መርዝ በዚህ ነበረ፤ ክርስቲያን አባት ልጁን ወይ ለአረማዊ መምህር መስጠት፥ ወይ ያለ ትምህርት ማስቀረት ግድ ይሆንበታል፤ ያለ ትምህርት የቀረው ልጅም ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ጠበቃ፥ ሐኪም አይሆንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያን መናፍቅን የሚረታ፥ በሸንጎም ቆሞ የሚናገር ሰው ባጣች ነበረ።

ፕሮኤሬስዮስ በአቴና የነበረውን ወንበር ተወ፤ በሮምም ዝነኛው መምህር ዊክቶሪኖስ እንዲሁ አደረገ። ከአረማውያን ወገን የነበረው የታሪክ ጸሐፊ አምያኖስ እንኳ፥ ንጉሡን በብዙ ነገር ሲያመሰግነው፥ ይህን ሕግ ግን ክፉ ብሎ ነቀፈው። በኋላ በሃይማኖቱ የተወገዘው አቡሊናርዮስና መምህር የነበረው አባቱ የኦሪትን ታሪክ በሆሜሮስ ስልት ገጥመው፥ ወንጌሉንም አፍላጦን በጻፈበት በጥያቄና መልስ አዘጋጅተው፥ ክርስቲያን ልጆች ያለ አረማውያን መጻሕፍት የሚማሩበትን ትምህርት ሊያበጁ ሞከሩ። ሥራው ቅን ነበረ፤ ዳሩ ግን ዮልያኖስ በ363 ከፋርስ ጋራ ሲዋጋ በጦር ተወግቶ በሞተ ጊዜ፥ በ364ም ሕጉ በተሻረ ጊዜ፥ መምህራኑ ሁሉ ወደ ሆሜሮስ ተመለሱ፤ የአቡሊናርዮስም ድርሰት ተረሳ። ክርስቲያኖች ነጻ ሆነው ሲመርጡ የጥንቱን መጽሐፍ መረጡ። እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይነበብ የሚለው ብቻ ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ባስልዮስ ነው። በትምህርት ቤት ለነበሩ ዘመዶቹ ወጣቶች ስለ አረማውያን መጻሕፍት አንድ አጭር ድርሰት ጻፈላቸው። ነገሩን የሚያስረዳው በንብ ነው፤ ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል አትሄድም፥ ከሄደችበትም ሁሉን ልትሸከም አትሞክርም፤ ለሥራዋ የሚበጃትን ወስዳ የቀረውን ትተዋለች። የሙሴን የግብጽ ጥበብ፥ የዳንኤልንም የባቢሎን ትምህርት በምስክርነት ያመጣል። ልብስ ቀለም ከመነከሩ በፊት እንደሚዘጋጅ፥ ሰውም ፀሐይን ከማየቱ በፊት በውኃ ውስጥ ያለውን ጥላዋን እንደሚለምድ፥ የወጣቱ ልብ በእነዚህ መጻሕፍት ተለማምዶ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ይግባ ይላል። ባለቅኔዎቹ የአማልክቱን ዝሙትና ጠብ ሲዘምሩ ግን፥ ኦዲሴዎስ የባሕር አዝማሪዎችን ዜማ ፈርቶ እንዳደረገው፥ ጆሮ መድፈን ይገባል።

ከዚያ በኋላ ከጽርዓውያን ምግባር መልካሙን ይለቅማል። ጴሪክሊስ ቀኑን ሙሉ ሲሰድበው የዋለውን ሰው ማታ በጨለመ ጊዜ በመብራት አሳጅቦ ወደ ቤቱ መለሰው፤ ሶቅራጥስ ፊቱን እስኪያብጥ የመታውን ሰው አልመታውም፤ እስክንድርም የማረካቸውን የዳርዮስን ሴቶች ልጆች ውበታቸውን ሰምቶ ሊያያቸው አልወደደም። እያንዳንዱን ከወንጌል ቃል ጋራ ያስተያያል። ለዚህ ድርሰት ግምት ሲሰጥ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም፤ ባስልዮስ የሆሜሮስን የቅኔ ውበት አንድ ጊዜ እንኳ ለራሱ ሲል አላመሰገነም፤ ሁሉን በጥቅሙ ይመዝናል። ይህ ለቅኔ ሰው ጥቂት የሚከብድ ነው። ነገር ግን ድርሰቱ ራሱ በአቴና በተማረው የንግግር ጥበብ እጅግ አምሮ የተጻፈ ነውና፥ እጁ ከአፉ ይልቅ ለመምህራኑ መስክሯል።

የጵጵስናው ዘመን ታሪክ ረጅም ነው፤ ከትምህርት ነገር ጋራ የሚገናኘውን ብቻ መናገር ይበቃል። በ369 ገደማ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ገና ቄስ ሳለ፥ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ያደረጋቸው በስብከቱ ኃይል ነው፤ ራሱም ወጥ አስቀቅሎ ድኾችን በእጁ መገበ። በ370 የቂሳርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። ከከተማው ውጭ የሕሙማን፥ የለምጻሞችና የእንግዶች ቤት አሠራ፤ ሐኪሞችንም የእጅ ሥራ መምህራንንም አኖረበት። የአርዮስን ወገን የሚረዳው ንጉሥ ዋሌንስ የላከው ሹም ሞዴስጦስ ንብረት በመውረስ፥ በግዞትና በሞት ባስፈራራው ጊዜ፥ ያለው ሀብት አንድ አሮጌ ልብስና ጥቂት መጻሕፍት መሆኑን ነገረው። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረትም ዘጠኝ ስብከት ሰበከ፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት አክሲማሮስ የሚሉት ቃል የመጣው ከዚሁ ከጽርኡ የስድስት ቀን ስም ነው። ሰሚዎቹ አብዛኞቹ በዕለት ሥራ የሚኖሩ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። ለእነርሱ ስለ ዓሦችና ስለ አዕዋፍ ጠባይ፥ ስለ ንብ እንጀራም ስድስት ማዕዘን የነገራቸው ከአርስጣጣሊስና ከሌሎች ጠቢባን ትምህርት የወጣ ነው። ለባለጸጋ ልጆች የተከለለው ትምህርት በዚያ በጾም ወራት ለሸማኔና ለአንጥረኛ በነጻ ተሰጠ።

ቅዱስ ባስልዮስ በ379 ጥር 1 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 6 ቀን፥ 49 ዓመት ገደማ ሲሆነው ዐረፈ። በቀብሩ ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ተረጋግጠው የሞቱ ነበሩ፤ አይሁድና አረማውያን ሳይቀሩ አለቀሱለት።

የአቴናን የፍልስፍና ትምህርት ንጉሡ ዮስጥንያኖስ በ529 ከለከለ። የባስልዮስ ድርሰት ግን በቍስጥንጥንያ ከሆሜሮስ ጋራ እየተነበበ ኖረ። በ1400 ገደማ በኢጣልያ በፍሎሬንስ ከተማ የጥንት ባለቅኔዎች መጻሕፍት ለክርስቲያን አይገቡም የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ያን ጊዜ ሌዎናርዶ ብሩኒ የሚባል ሊቅ ድርሰቱን ወደ ሮማይስጥ ተረጐመው፤ ለጥንቱ መጻሕፍት የሚከራከሩትም የታላቁን ቅዱስ ስም እንደ ጋሻ ያዙት። በ1416 የኵዊንቲልያኖስ መጽሐፍ ሙሉው በቅዱስ ጋል ገዳም ተገኘ። በ1423 ዊቶሪኖ የሚባል መምህር በማንቱዋ ከመሳፍንት ልጆች ጋራ ድኾችን ያለ ዋጋ የሚያስተምርበት ቤት ከፈተ፤ በ1599 ኢየሱሳውያን ያወጡት የትምህርት ሥርዓት ደግሞ ሰዋስውንና የንግግርን ጥበብ በየክፍሉ መድቦ፥ ፈተናንና ሽልማትን ጨምሮ ወደ ብዙ አገር ሄደ። ዛሬ አንደኛ ደረጃ፥ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት የሚባለው መከፈል የጥንቶቹን ሦስት መምህራን የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም። በአዲስ አበባ ሊሴ ሲባል የሚሰማው ስም እንኳ የአርስጣጣሊስ ሊቅዮን ነው።

ወደ ኢትዮጵያም የጽርእ ጠቢባን ነገር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ በተተረጐመው መጽሐፈ ፈላስፋ አስቀድሞ ደርሷል። የአውሮፓ ሥርዓት ትምህርት ቤት ግን በዳግማዊ ምኒልክ ስም በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1908 ነው። ያን ጊዜም የባዕድ ትምህርት ሃይማኖትን ያበላሻል የሚል ሥጋት በካህናቱ ዘንድ ነበረ፤ ስለዚህ መምህራኑ ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል ተመርጠው መጡ። እነዚህ ሰዎች በሳምንቱ ቀን ሰዋስውና ሒሳብ ያስተምሩ ነበረ፤ በአገራቸው ቤተ ክርስቲያንም ከቅዳሴዎች ሁሉ አዘውትሮ የሚቀደሰው የባስልዮስ ቅዳሴ ነው።